ትርፍራፊ ፊልም

እስቲ የቤታችሁን የፎቶ አልበም አንድ ጊዜ ገለጥ ገለጥ አድርጉት። አባት አሉ። እናት አሉ። ክርስትና የተነሣው ሕፃን በነጭ ልብስ ተጠቅልሎ አለ። ከክፍለ ሀገር መጥተው ሦስት ቀን ብቻ የሰነበቱት አክስት እንኳ ካሜራውን በጥርጣሬ እያዩ ከነነጠላቸው ዳር ላይ ቆመዋል። አንድ ሰው ግን የለም። ያንን ሁሉ ፎቶ ያነሣው ሰው የለም። ከሠርግ እስከ ሙት ዓመት፣ ከልደት እስከ ምረቃ ሁሉም ቦታ ነበር፤ አንዱም ፎቶ ላይ ግን የለም። ስሙን የሚያስታውስ ሰውም ብዙ አይገኝም። በቃ "ፎቶ አንሺው" ነው።

ስልክ ሁሉ ካሜራ ከመሆኑ በፊት ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሣ ሰው ወጉን አይረሳውም። ግድግዳው ላይ ሐይቅና ዘንባባ የተሣለበት ሸራ ተወጥሯል። በሩ ጥግ መስታወትና ጥርሱ የጎደለ ማበጠሪያ አለ። ምስማር ላይ አንድ ኮት፣ ከነቋጠሮው የሚጠለቅ አንድ ከረባት ተንጠልጥሏል። ኮቱ የሁሉም ነው፤ የቀጭኑም የወፍራሙም። አበው "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይላሉ፤ ፎቶ ቤት ውስጥ ግን የሰው ኮት አሳምሮ ያደምቅ ነበር። ከዚያ ትእዛዙ ይከተላል። "ቀና በል! አገጭህን ዝቅ! ትከሻህን አታንሣ! እንዳትጨፍን!" ብልጭ። አለቀ። "መቼ ይደርሳል?" "ከነገ ወዲያ ና።"

ፎቶ አንሺው ይህንን በቀን ስንት ጊዜ ይል እንደነበር እንጃ። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ብርሃን ያውቃል። የሰው ፊት በየትኛው ጎኑ እንደሚያምር ያውቃል። ሙሽራዋ ከፈገግታዋ በስተጀርባ ማኩረፏን ከእናቷ ቀድሞ ያያል። ታዲያ በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲቀር ለራሱ ምን ያነሣ ነበር?

"ምን ያነሣል፤ እንጀራው እኮ ነው!" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ለብዙዎቹ መልሱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ዛሬ የማወራችሁ ግን በሩን ከዘጋ በኋላ ሌላ ሥራ ስለጀመረ አንድ ፎቶ አንሺ ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ ዋና ከተማዋ ባንጊ። ነገሩ ግን ሩቅ አይደለም።

በመጀመሪያ የፊልምን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በዲጂታል ዘመን ላደገ ወጣት ተረት ሊመስለው ይችላልና። ፊልም እንደ ዳቦ እየተቆረሰ አይሸጥም። በጥቅል ይገዛል፤ በጥቅል ይታጠባል። እንደ ካሜራው ዓይነት አንዱ ጥቅል አሥራ ሁለት ፎቶ ያነሣል፤ ሌላው ሠላሳ ስድስት። ደንበኛ ግን በጥቅል ልክ ተቆጥሮ አይመጣም። ሠላሳ ፎቶ ተነሥቶ ስድስት ባዶ ቢቀር ባለ ፎቶ ቤቱ ሁለት ምርጫ አለው። አንድም ፊልሙ እስኪሞላ ሌላ ደንበኛ መጠበቅ፣ አንድም ባዶውን ከሞላው ጋር አብሮ ማጠብ። ቢጠብቅ ለነገ የቀጠረው ሰው ይቀየመዋል። ቢያጥብ ስድስቱ በከንቱ ይቃጠላሉ። ለድሃ ፎቶ ቤት ሁለቱም ኪሳራ ናቸው።

በባንጊ ከተማ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ሦስተኛ መንገድ አገኘ። በተረፈችው ፊልም ራሱን ማንሣት ጀመረ።

የልጁ ስም ሳሙኤል ፎሶ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1962 ካሜሩን ውስጥ፣ ኩምባ በምትባል ከተማ ነው። ወላጆቹ ከናይጄሪያ የመጡ የኢግቦ ሰዎች ነበሩ። ልጁ ሲወለድ ጤነኛ አልነበረም፤ ሰውነቱ አይታዘዝለትም ነበር። በእነርሱ ዘንድ ደግሞ ሕፃን ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ፎቶ የማስነሣት ልማድ አለ። ፎሶ አድጎ ሲናገር እንደተሰማው አባቱ ለሽባ ልጅ ፎቶ ገንዘብ ማውጣቱ አልታያቸውም። ስለዚህ ልጁ ሳይነሣ ቀረ።

እዚህች ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ፎቶ አለመነሣት ቀላል ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን ቤተሰብ ሕፃኑን ፎቶ ሲያስነሣ ምን እያለ ነው? "ይህ ልጅ የእኛ ነው፤ ይቆይልናል፤ ነገም ልናየው እንፈልጋለን" እያለ ነው። ያልተነሣው ልጅ ታዲያ ምን ተባለ? ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ገንዘብ ብቻ ነው የቆጠቡት። አንዳንድ ጊዜ ግን ሰው በቁጠባም ይነገረዋል።

ልጁ ናይጄሪያ ወደሚገኙት አያቶቹ ተወሰደ። ወንድ አያቱ ባህላዊ ሐኪም ነበሩ፤ አክመውት ቆሞ ሄደ። እናቱን ገና በሕፃንነቱ አጣ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1967 የቢያፍራ ጦርነት መጣ። ጦርነቱ እስከ 1970 ዘለቀ፤ በጥይት ካለቀው ይልቅ በረሃብ ያለቀው በዛ። ትንሹ ሳሙኤል ከአያቶቹ ጋር ጫካ ለጫካ ተደብቆ ከተረፉት ልጆች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 አጎቱ ወደ ባንጊ ይዞት ሄደ። አጎትየው የሴቶች ጫማ ሠሪ ነበር፤ ልጁም ጫማ መሥራት ጀመረ። ጎረቤት ደግሞ አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ጫማውን ትቶ እርሱ ዘንድ ለጥቂት ወራት ሙያውን ተማረ። መስከረም 14 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. በአጎቱ እገዛ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ።

አሥራ ሦስት ዓመቱ! እኛ ዘንድ ልጅ በዚያ ዕድሜው ሊስትሮ ዕቃውን ይሸከማል፣ ቢበዛ ሱቅ በደረቴ ያንጠለጥላል። እርሱ ግን የሰፈሩን ሰው "ቀና በሉ፣ ፈገግ በሉ" እያለ ያዝዛል። ጉርድ ፎቶ ያነሣል፤ ሙሽሮች ያነሣል፤ እናቶችን ከነልጆቻቸው ያነሣል። ያ ሳይነሣ የቀረው ልጅ አሁን የሌሎችን ሕፃናት እያነሣ ለወላጆቻቸው የሚያስረክብ ሆነ።

ማታ በሩን ይዘጋል። ካሜራውን በተጠመደበት ያቆመዋል፤ መብራቱን ያስተካክላል፤ ከመጋረጃው ፊት ራሱ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ዛሬ ፎቶዎቹ ይነግሩናል። ልጁ ነጠላ ሱሪ ለብሶ ቆሟል። ቀጥሎ ከታች ሰፊ የሆነ ቤልቦተም ሱሪና ተረከዘ ረጅም ጫማ። ቀጥሎ ጥቁር መነጽር። ቀጥሎ በውስጥ ሱሪ ብቻ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። ልብሱን በናይጄሪያው ዘፋኝ በፕሪንስ ኒኮ ምባርጋ የሸክላ ሽፋኖች ላይ እያየ ለልብስ ሰፊ ያዝዝ ነበር። በዚያን ዘመን በአደባባይ እንደልብ የማይለበሰው ሁሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ይለበሳል። ከላይ የስቱዲዮው መብራት፣ ከኋላ አበባ ያለበት መጋረጃ፣ ከፊት ማንም የለም።

ፎቶዎቹን የሚልከው ለማን መሰላችሁ? ናይጄሪያ ለቀሩት ሴት አያቱ ነው። ደኅና መሆኑን እንዲያዩ። ደብዳቤ "ደኅና ነኝ" ቢል ደኅና ላለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ሁላችንም ለእናቶቻችን እንደዚያ ጽፈናል። ፎቶ ግን የቆመውን እግር ያሳያል። ጥቂቱን ደግሞ ለራሱ አስቀረ። እንዲያው ለማስታወሻ።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ ራሱን ማስዋብ የሚወድ ሌላም ሰው ነበረ። ዣን ቤደል ቦካሳ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1966 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው ይህ ወታደር ታኅሣሥ 4 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. የናፖሊዮንን ሥርዓት ቀድቶ በገዛ እጁ የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ደፋ። ካባው፣ ዙፋኑ፣ ሠረገላው ለድሃዪቱ አገር የማይቻል ወጪ ነበር። የዓለም ፎቶ አንሺዎችም ተጠርተው መጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ዘውዱ ተረት ሆነ። የ15 ዓመቱ ልጅ በትርፍራፊ ፊልም ያነሣቸው ግን ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ናቸው። አንዱ ራሱን ያነገሠው በሕዝብ ገንዘብ ነበር፤ ሌላው ደንበኛ ምንም ሳይጎድልበት በቀረው ፊልም።

ይህንን ስል ፎሶ ብቻውን ከሰማይ ዱብ ያለ እንዳይመስልባችሁ። የአፍሪካ ፎቶ ቤቶች ከእርሱ በፊትም ትልልቅ ሰዎች አፍርተዋል። ከሁሉም የሚጠቀሰው የማሊው ሴይዱ ኬይታ ነው። ኬይታ አናጢ ነበር። በልጅነቱ አጎቱ አንዲት ትንሽ የኮዳክ ካሜራ አመጣለት፤ ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ ካሜራው ላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ፣ ከእስር ቤቱ አጠገብ፣ ፎቶ ቤት ከፈተ። ከደንበኛው ጀርባ የሚወጥረው ሸራ አልነበረውምና የገዛ አልጋ ልብሱን ወጠረ። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ጨርቁን ይለውጥ ስለነበር በኋላ ዘመን የፎቶዎቹን ዕድሜ የለየው ከጀርባ ያለውን ጨርቅ እያየ ነው።

የኬይታ ኮት ከእኛ ሰፈር ፎቶ ቤቱ ኮት የተሻለ ነበር። ሙሉ ልብስ፣ የእጅ ሰዓት፣ እስክሪብቶ፣ ራዲዮ፣ ብሎም ቬስፓ ያውስ ነበር። ፊልም ውድ ስለነበር ለአንድ ደንበኛ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያነሣው። አንድ ጊዜ! ስለዚህ ከማንሣቱ በፊት አቀማመጡን፣ የእጁን አጣጣል፣ የፊቱን ዘንበል ማለት አንድ በአንድ ያስተካክላል። የኬይታ የግል ሥራ ከእንጀራው አልተለየም። ደንበኛው የከፈለው ለጉርድ ፎቶ ነው፤ የተቀበለው ግን የሠዓሊ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ማሊክ ሲዲቤ ሌላ መንገድ ያዘ። ከማሊ ነፃነት በኋላ የባማኮ ወጣቶች የጭፈራ ማኅበራት ሲያቋቁሙ ብልጭታውን ይዞ ከድግስ ድግስ ሌሊቱን ሲዞር ያድር ነበር። ጎሕ ሲቀድ ወደ ጨለማ ክፍሉ ይገባል። ትንንሾቹን ፎቶዎች ካርቶን ላይ ለጥፎ፣ ቁጥር ሰጥቶ በሩ ላይ ያወጣቸዋል፤ ወጣቶቹ መጥተው "እኔ ይቺውና" እያሉ ይመርጣሉ። ገበያ ነው። ግን ገበያው መካከል አንድ ትውልድ እንዴት እንደጨፈረ ተመዘገበ። ሲዲቤ እ.ኤ.አ. በ2007 የቬኒስ ቢየናሌን የወርቅ አንበሳ የዕድሜ ልክ ሽልማት ሲቀበል፣ ሽልማቱ ለፎቶ አንሺ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር።

የኬይታ መጨረሻ ግን እንደዚያ ቀና አልነበረም። ማሊ ነፃ ከወጣች በኋላ አዲሱ መንግሥት "ለመንግሥት አንሣ" አለው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የመንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ፎቶ ቤቱም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሙሉ ልብስ ተውሶ የሚነሣበት ቦታ አልነበረም። የሰውዬው ሰዓት በሙሉ የመንግሥት ሲሆን ትርፍራፊ አይኖርም። ይህ ነገር ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ ጊዜው ሁሉ በስብሰባና በግዳጅ የተያዘበት ሰው ለራሱ ምን ሊሠራ ይችላል?

የበለጠ የሚገርመው የሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኒው ዮርክ ውስጥ በተዘጋጀ ትልቅ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ የኬይታ ፎቶዎች ለሕዝብ ቀረቡ። ከሥራቸው ግን የእርሱ ስም አልነበረም። የተጻፈው "ፎቶ አንሺው ያልታወቀ፣ ባማኮ" የሚል ነበር። ሰውየው ባማኮ ውስጥ በሕይወት አለ! ሰዎች ፈልገው ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፓሪስ ውስጥ ሲያርፍ በዓለም የታወቀ ሰው ነበር። ያ መግለጫ ግን አሁንም ከአእምሮዬ አይወጣም። የስንቱ ቤት አልበም እንዲህ ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል፤ "ፎቶ አንሺው ያልታወቀ፣ አዲስ አበባ"፣ "ፎቶ አንሺው ያልታወቀ፣ ደሴ"።

ወደ ፎሶ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1993 በርናር ዴካምፕ የሚባል ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ባንጊ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ባማኮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚደረግ የአፍሪካ ፎቶግራፍ ጉባኤ የሚቀርቡ ሰዎችን እየፈለገ ነበር። ፎሶ ያን ጊዜ የ31 ዓመት ሰው ነው። ፎቶ ቤቱን ከከፈተ 18 ዓመት ሆኖታል፤ በደንበኛው ዘንድ ጥሩ ባለ ሙያ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ስም የለውም። የደንበኞቹን ሥራ አሳየው። በመጨረሻ ለማስታወሻ ያስቀራቸውን የራሱን ፎቶዎች አወጣ። እንግዳው ያንን ይዞ ሄደ። በ1994 ባማኮ ላይ ፎሶ የመጀመሪያውን ሽልማት ወሰደ።

አስቡት እስቲ። 18 ዓመት ሙሉ ሰው አላየውም። "ጎበዝ" ያለው የለም። የከፈለው የለም። ያዩት አያቱ ናቸው። እኛ ዛሬ ፎቶ አንሥተን በአምስት ደቂቃ ውስጥ "ላይክ" ካልመጣ ፎቶው የተበላሸ ይመስለናል።

ታዋቂ ከሆነ በኋላ እንኳ የፎቶ ቤቱን ዘዴ አልተወም፤ መብራት፣ መጋረጃ፣ አንድ ሰው። የሚያነሣው ነገር ግን ከበደ። እ.ኤ.አ. በ1997 ጎረቤቱና ወዳጁ የነበረ ሰው ባንጊ ውስጥ በታጠቁ ሰዎች ተገደለ። ፎሶ ከሦስት ዓመት በኋላ "የወዳጅ መታሰቢያ" ያለውን ሥራ ሠራ። በዚያች ሌሊት ወዳጁን ሆኖ፣ ከአልጋው ተነሥቶ፣ ራቁቱን በፍርሃት የሚጠብቀውን ሰው ሆኖ ራሱን አነሣ። ለሟቹ የፎቶ ቤት ደንበኛ መጥቶ "እንዲህ አንሣልኝ" የሚለው ጉዳይ አይደለም። ለዚህ ትእዛዝ አይሰጥም፤ ዋጋም የለውም። ሙያው ግን ያው የፎቶ ቤቱ ሙያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ "የአፍሪካ መናፍስት" የሚለውን ሥራ አወጣ። ማርቲን ሉተር ኪንግን፣ ማልኮም ኤክስን፣ አንጄላ ዴቪስን፣ ፓትሪስ ሉሙምባን፣ ክዋሜ ንክሩማህን፣ ኔልሰን ማንዴላን እየሆነ ራሱን አነሣ። ከእነርሱ መካከል የእኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም አሉ። ፎሶ በወታደራዊ ልብስ ንጉሡን ሆኖ ቆሟል።

ይህ ለእኛ የሚያወራው ነገር አለ። ጃንሆይን እንዲህ በአንድ ዓይን የምንለይበት ምስል ከየት መጣ? ካሜራ ፊት እንዲቆሙ ያደረጓቸው ሰዎች ነበሩ። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ የቤተ መንግሥቱን ፎቶ ሲያነሡ ከኖሩት መካከል አርመኖቹ ቦያጂያኖች አሉ፤ አባትየው ቤድሮስ፣ ከእርሱ በኋላ ልጆቹ። ንጉሡን የሚያውቅ ሚሊዮን ነው፤ ቦያጂያንን የሚያውቅ ስንት ነው? ባንጊ ያደገው ፎቶ አንሺ የንጉሡን አቋቋም ሲለብስ የእነዚያን ፎቶ አንሺዎች እጅም አብሮ ለብሶታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ጨለም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በእርስ በርስ ግጭት ታመሰች። በ2014 መጀመሪያ የፎሶ ቤት ተዘረፈ። እርሱ በቦታው አልነበረም። ዘራፊዎቹ የሚሸጥ ነገር ነው የፈለጉት፤ ኔጋቲቭ ምን ያደርግላቸዋል? ከቤት እያወጡ መንገድ ላይ በተኑት። የ40 ዓመት ሥራ፣ የደንበኞቹም የራሱም፣ አቧራ ላይ ተነሰነሰ። በአጋጣሚ በዚያ ያልፉ የነበሩ የውጭ ጋዜጠኞችና አንድ የሂዩማን ራይትስ ዎች ሠራተኛ የማን ቤት እንደሆነ ተረዱ። ጦርነት ሊዘግቡ የመጡ ሰዎች ጎንበስ ብለው ከመሬት ኔጋቲቭ ለቀሙ። በሺዎች የሚቆጠር ተረፈ። ያልተረፈውን የሚቆጥር የለም።

ፎሶ እዚያ አላበቃም። በ2015 "666" የሚል ስም የሰጠውን ሥራ ሠራ፤ 666 የፖላሮይድ ፎቶዎች፣ ሁሉም የእርሱ የገዛ ፊት፣ ያለ ኮት፣ ያለ መነጽር፣ ያለ ዘውድ። በ2023 ደግሞ በፎቶግራፍ ዓለም ከታወቁት ሽልማቶች አንዱን፣ የዶይቸ ቦርሰን ሽልማት ለንደን ላይ ተቀበለ። ሕፃን ሳለ አንዲት ፎቶ የተነፈገው ሰው በዓለም ላይ ራሱን ደጋግመው ካነሡት አንዱ ሆነ።

አሁን አንድ ወዳጄ ደጋግሞ የሚያነሣብኝን ክርክር ላንሣ። "ይኸ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን የግል ሥራ የጠገበ ሰው ነገር ነው። ባለ ሙያ መጀመሪያ ልጆቹን ያብላ" ይለኛል። እኔም አብሬው እስማማለሁ፤ ያብላ። ፎሶም ያደረገው ያንኑ ነው። ፎቶ ቤቱን አልዘጋም፤ ደንበኛውን አላስቀየመም፤ እንዲያውም ራሱን ያነሣው የደንበኛው ፎቶ ለቀጠሮው እንዲደርስ ነው። እንጀራው ባይኖር ትርፍራፊውም አይኖርም ነበር። ወዳጄ የሚረሳው ግን ሌላውን ወገን ነው። በትርፍራፊው ላይ የሠራው ነገር ባይኖር የዛሬው ዓለም ያንን ፎቶ ቤት አያውቀውም ነበር። የደንበኞቹም ፊት ከመንገድ ላይ የሚለቅመው አያገኝም ነበር። ጋዜጠኞቹ ጎንበስ ያሉት ስሙን ስላወቁ ነው፤ ስሙን ያወቁት በራሱ ፎቶዎች ነው። ለራሱ የሠራው ሥራ የሌሎቹን ሠርግና ክርስትና ይዞ ወጣ።

የዛሬው የቤተሰብ ፎቶ አንሺ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ትርፍራፊ ፊልም ቀርቷል። ካርዱ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ይይዛል፤ አያልቅም። የማያልቅ ነገር ደግሞ ትርፍ የለውም። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ መልስ፣ ሰኞ ምርጫ፣ ማክሰኞ አልበም፤ ከዚያ ሌላ ሙሽራ። ድሮ ፊልሙ ራሱ "ስድስት ቀርታሃለች፤ ምን ታደርግባታለህ?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ባለ ሙያው ራሱን መጠየቅ አለበት። ከሠርጉ ሺህ ፎቶ መካከል ስድስቱን ለራሱ ማንሣት ይችላል፤ የወጥ ቤቷን እመቤት ከጭስ ውስጥ፣ ድንኳን የሚያፈርሱትን ልጆች በማግሥቱ ጠዋት፣ ወይ እንደ ፎሶ የገዛ ፊቱን። አያት ያያታል፤ በቂ ነው።

በመጨረሻ አንዲት ልመና አለችኝ። በየከተማው ያሉ የድሮ ፎቶ ቤቶች አንድ በአንድ እየተዘጉ ነው። ባለቤቱ ያርፋሉ፤ ልጆች ቤቱን ለሌላ ንግድ ያከራያሉ፤ ተከራዩ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አቧራ የለበሰ ሣጥን ከቆጥ ላይ ያወርድና "ይኸ ምንድነው?" ይላል። ኔጋቲቭ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ሣጥን እጃችሁ ከገባ ከመጣላችሁ በፊት ጥቂቱን ወደ መስኮት ይዛችሁ ብርሃን አሳዩት። መጀመሪያ ሙሽሮች ታያላችሁ፤ ቀጥሎ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶዎች፤ ቀጥሎ ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል፣ ጫፉ ላይ፣ ምናልባት ያንን የሁሉንም ኮት ለብሶ፣ ከሐይቁ ሸራ ፊት ብቻውን የቆመ ሰው ታገኛላችሁ።

ካገኛችሁት ስሙን ጠይቁና ጀርባው ላይ ጻፉበት።